የፌንጣ ክንፍ

ልብስ ሰፊዋ የጨርቅ ክንፍ ስታጥፍ ሁልጊዜ ግራውን ጎን በቀኙ ላይ ታስተኛለች። እጇ የለመደው እንደዚያ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አብራሪዎቹ ከባሕሩ ዳርቻ ሲመለሱ፣ ላብና አሸዋ የጠጣ ክንፋቸውን መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆልለውላት ይሄዳሉ። እሷ ታራግፈዋለች፣ ጥላ ሥር ዘርግታ ታናፍሰዋለች፣ የተቀደደ ካለ ትጥፈዋለች፤ ከዚያ ግራውን በቀኙ ላይ አጥፋ ከረጢቱ ውስጥ ትከተዋለች። ስለዚህ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት፣ የላላ ማሰሪያ ልታጠብቅለት የወንድሟን ከረጢት ከፍታ ቀኙ በግራው ላይ ተኝቶ ስታገኘው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደገባበት ለማወቅ ደግማ ማየት አላስፈለጋትም።

ከረጢቱን መልሳ ዘጋችና በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች።

የመጋዘኑ ቁልፍ ሦስት ነው። አንዱ በእሷ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነው። አንዱ አለቃው ዘንድ ነው። ሦስተኛው ሐውልቱ የሚሉት አብራሪ ዘንድ ነው። አለቃው መጋዘን ገብቶ ክንፍ የሚፈታ ሰው አይደለም። እንግዶችን በጨርቅ ክንፍ ከኮረብታ አናት አስነስቶ ባሕር ዳር የሚያሳርፍ ድርጅት ባለቤት ይሁን እንጂ፣ እሱ ራሱ ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖል መቀየር ያዞረዋል። የቀረው ሐውልቱ ነው።

ሐውልቱ ከአብራሪዎቹ ሁሉ በዕድሜም በሥራም አንጋፋው ነው። ስሙን ያወጣለት እንግዶቹን ኮረብታው ላይ የሚያደርሰው ሾፌር ነበር፤ "እርግብ ትከሻው ላይ ጎጆ ብትሠራ ጫጩቶቿ እስኪበሩ አይነቃነቅም" ብሎ። ሌሎቹ አብራሪዎች ካረፉ በኋላ የእንግዶቻቸውን ጩኸት እያስመሰሉ ሲሳሳቁ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ደመና ያያል። ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ ቃሉን ከኪሱ ቆጥሮ የሚያወጣ ይመስላል።

ወንድሟ ደግሞ የሱ ተቃራኒ ነው። ሁሉም ፌንጣ ይሉታል። እግሩ መሬት አይበቃውም፤ ሲያወራ ይዘላል፣ ሲበላ ይዘላል። እናታቸው ስታርፍ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አሳደገችው፤ ከዩኒፎርም ወደ መጋረጃ፣ ከመጋረጃ ወደ ድንኳን ተሻገረች። አንድ ቀን አለቃው ቅርንጫፍ የሰነጠቀው ክንፍ ተሸክሞ ሱቋ መጣና፣ "ይኼን የሚሰፋ ጠፋ፤ ድንኳን የምትሰፋ ሴት አለች ሲሉኝ መጣሁ" አላት። ሰፋችው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ሰፍታ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ ለሠፈር ሰው መጋረጃ ካልሆነ በቀር። የከተማው ሰው "ጃንጥላ ሰፊዋ" ይላታል። አብራሪዎቹ ክንፍ እንጂ ጃንጥላ ሲባል ደማቸው ይፈላል፤ እሷ ግን ግድ የላትም። ወንድሟ ወደዚህ ሥራ የገባው በእሷ በኩል ነው። ይህን በየቀኑ ታስታውሰዋለች። ኮረብታውን ባታሳየው ኖሮ ዛሬ የሆነ ቢሮ ውስጥ ወረቀት እያጣጠፈ በሰላም ይኖር ነበር።

ጥርጣሬዋ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት አለቃው ሁሉንም ሰብስቦ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ዋና አብራሪ ፌንጣ ነው ብሎ ነበር። ዋና አብራሪ ማለት ነፋሱን አይቶ "ዛሬ ይበረራል፣ ዛሬ አይበረርም" የሚል ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ሲል የኖረው፣ ያለ ሹመት፣ ሐውልቱ ነበር። ሁሉም ዞር ብለው አዩት።

"ይሁን" አለ።

ሰፊዋ ያቺን "ይሁን" ይዛ ቤቷ ገባች። ሽንኩርት ስትከትፍ አብላላቻት፣ ልብስ ስታሰጣ አብላላቻት። ደስ ያለው ሰው "እንኳን ደስ ያለህ" ይላል። የከፋው ሰው ይቆጣል። "ይሁን" የሚል ሰው ግን ምን ሆኖ ነው?

ማክሰኞ ከሰዓት ወንድሟ ክንፉን ሊያስረክባት ሲመጣ ጠየቀችው።

"ከረጢትህን ጠዋት አንተ ከፍተኸዋል እንዴ?"

"እኔ? እኔ ጠዋት ዓይኔንም የምከፍተው በግድ ነው፣ እትዬ።"

"የምሬን ነው።"

"እኔም የምሬን ነው። ምነው፣ ምን ጠፋ?"

"ምንም አልጠፋም። ከሐውልቱ ጋር ቃል ተለዋውጣችኋል?"

"ከሱ ጋር ቃል መለዋወጥ ይቻላል እንዴ? ሰው ይሰጠዋል፣ እሱ ይወስዳል፣ መልስ የለም።" ሳቀ፤ ከዚያ ፊቷን አየና አቆመ። "ደሞ ጀመረሽ? ባለፈው ጊዜ ባለ ሱቁ ስኳሩን ውሃ ያስነካዋል ብለሽ ስንት ሳምንት አስጨነቅሽኝ።"

"ያስነካው ነበር።"

"እሺ ያስነካው ነበር" አላትና ግንባሯን ስሞ እየዘለለ ሄደ።

ነገሩን በሆዷ ያዘች። ማምሻውን ክንፉን ስታጥፍ ከቀይ ክር ላይ ጣት የምታህል በጥሳ በሁለቱ እጥፎች መካከል አስተኛቻት። ረቡዕ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ መጣች፤ ሐውልቱ ግን ከእሷም ቀድሞ መጋዘኑ ደጃፍ ካለው ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር። "እንደምን አደርሽ" አለ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች፤ ዓይኗን ከእጆቹ ላይ አላነሳችም። ከረጢቱን ከፈተች። ቀኙ በግራው ላይ ነበር። ክሯ የመጋዘኑ ወለል ላይ ወድቃ አገኘቻት።

ሐሙስ ዝናብ ጥሎ በረራ ቀረ። ወበቁ ከመሬት እንደ ድስት እንፋሎት ይነሳል፤ የመጋዘኑ ግድግዳ ያልበዋል። ሰፊዋ በሩን ከውስጥ ዘግታ የወንድሟን ክንፍ ወለሉ ላይ ዘረጋችና ገመዶቹን መለካት ጀመረች። አብራሪዎቹ ሲያወሩ ሰምታ የማትረሳው ነገር ነበር፤ ክንፍን መግደል የፈለገ ሰው ጨርቁን አይቀድም፣ የኋላ ገመዶቹን ጥቂት ያሳጥራል፤ ያኔ ክንፉ አየር ላይ እየጎተተ ሄዶ በድንገት መብረሩን ያቆማል። ስለዚህ የለካችው የኋላ ገመዶችን ነው። የፋብሪካው ወረቀት እያንዳንዱ ስንት መሆን እንዳለበት በቁጥር ይናገራል። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ሜትሩን የሰጣት ሙያ ያስተማራት ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ "ዓይንሽ ቢዋሽሽ እንኳ ይኼ አይዋሽሽም" ብሎ። ባለ መቶ ሃምሳ ሴንቲ የጨርቅ ሜትር ስለሆነ ሰባት ሜትር ገመድ ለመለካት አምስት ጊዜ ያህል ማሸጋገር ያስፈልጋል። እያሸጋገረች፣ በጥፍሯ ምልክት እየያዘች ለካች።

ሁለት ጣት አጠረ።

ሌላውን ለካች። ሁለት ጣት። ሦስተኛውም እንደዚያው።

ክው አለች። ክንፉ ላይ ተቀመጠች። ተነስታ አለቃው ቢሮ ስትደርስ ሾፌሩ እዚያ ተደግፎ ያወራ ነበር።

"መጣች ባለሙያዋ!" አላት። "የሰፋሽልን መጋረጃ እኮ ለሚስቴ ሥራ ቀነሰላት። ወለሉን ራሱ ይጠርጋል።"

"የሰጠኸኝን ልክ ነው የሰፋሁት። መስኮትህን በደንብ ለካ።"

"በብረት ሜትር ነው የለካሁት!"

"ሂድ ወዲያ! ከአለቃ ጋር ጉዳይ አለኝ።"

ሾፌሩ ሳቁን ውጦ ወጣ። አለቃው የነገረችውን ሁሉ ቆሞ ሰማ፤ ከዚያ መጋዘኑ ድረስ መጥቶ ዓይኑ እያየ አስለካት። ሁለት ጣት። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ሐውልቱ?" አለ። "ሃያ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው?"

"እኔስ ደስ ብሎኝ ነው የምነግርዎት? ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? ቀድሞ የሚመጣው ማን ነው? ሹመቱ የቀረበት ማን ነው?"

አለቃው ሐውልቱን አስጠራ። ቢሮው በር ላይ ቆማ ሰማች። አለቃው የተጠረጠረበትን ጉዳይ በግልጽ አልተናገረም፤ ዳር ዳር ብሎ፣ ቁልፉን እንዲያስረክብና የተያዙት እንግዶች እስኪያልቁ፣ እስከ እሑድ ድረስ ብቻ እንዲሠራ ነገረው። ሐውልቱ ቁልፉን ከቀለበቱ ለማውጣት ጥቂት ታገለ፤ ጥፍሩ አጭር ነበር። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ይሁን" አለ።

ሲወጣ አያት። ትኩር ብሎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

ያን ዕለት መጋዘኑን ከመዝጋቷ በፊት የወንድሟን ክንፍ አስተካከለች። የኋላ ገመዶቹ ከማንጠልጠያው ቀበቶ ጋር በሚገናኙበት ትንሽ የብረት ቀለበት ላይ እያንዳንዱ ገመድ አንድ ዙር ተጠምጥሞ ነው የሚታሰረው። ያ ዙር ሲፈታ ገመዱ ይረዝማል። አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ለካች። አሁን ልክ ከወረቀቱ ጋር ገጠሙ። ግራውን በቀኙ ላይ አጠፈችና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት እፎይ አለች።

ዓርብ ጠዋት ከረጢቱን የነካው አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ልቧ አላረፈም። ኮረብታ የማትወጣው ሰፊ ያን ቀን ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች።

"ልትበሪ ነው?" አላት ሾፌሩ።

"እስከ ላይ ብቻ ነው የምመጣው።"

"እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ እየወጣሁ በእግሬ ነው የምወርደው። ማለቴ በጎማዬ። እንደኔ ብልህ ሁኚ።"

አልሳቀችም። ከኋላ የጭነቱ ክፍል ላይ ሐውልቱ በአንዱ ጥግ፣ ወንድሟ በሌላው ጥግ፣ እንግዶቹ መሐል ሆነው ይንገጫገጩ ነበር። በመስታወቱ የምታየው ሐውልቱን ነው።

አናቱ ላይ ሣሩ ገና ዝናብ እንዳዘለ ነው፤ ከታች ባሕሩ ጠፍጣፋና ብሩህ ሆኖ ተዘርግቷል። ፌንጣ አንዲት ባለ መነጽር እንግዳ ከፊቱ አስሮ፣ "ሩጪ ስልሽ ትሮጫለሽ፣ ቁጭ በይ እስክልሽ አትቀመጪም፤ መጮኽ ይፈቀዳል" እያለ ያስቃታል። ገመዱን ሳብ አደረገ። ክንፉ ከሣሩ ላይ ተነሳ፣ ወጣ፤ ግን ከራሳቸው በላይ መቆም ሲገባው አልፏቸው ሄዶ አፍንጫውን ወደ ፊት ደፋ፣ ተጨማደደና ወደቀ።

"ነፋሱ ነው" አለ ፌንጣ። "እንደገና።"

ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ክንፉ ሮጦ አለፋቸው። ሦስተኛውን ለመሞከር እንግዳዋን አቁሞ ሲዘጋጅ፣ ሐውልቱ ለበረራ የሚታጠቀውን መቀመጫ ከትከሻው አውርዶ ጣለና ሲራመድ መጣ። ሰፊዋ ሲሮጥ አይታው አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ሊሮጥ ምንም አልቀረው። የፌንጣን ቀበቶ በሁለት እጁ ጨመደደው።

"አትሄድም።"

"ጋሼ፣ ምን ሆነሃል? ልቀቀኝ!"

"አትሄድም አልኩ።"

ሰፊዋ መሐላቸው ገባች። እጁን በሁለት እጇ መታችው። "ልቀቀው! የሠራኸው አነሰህ እንዴ? በሥውር የጀመርከውን አሁን በገሃድ ልትጨርስ ነው?"

ሐውልቱ እጁን አልለቀቀም፤ እሷንም አላያትም። ጎንበስ ብሎ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ።

"ኋላው ረዝሞ ነው የሚደፋው። ይህን ዙር የፈታው ማነው?"

"እኔ ነኝ!" አለች። "አንተ ያሳጠርከውን ነው የመለስኩት።"

"ያሳጠርኩትን?" ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አያት። የፊቱ ጡንቻ አልተነቃነቀም፤ ድምፁ ግን ተሰበረ። "ቁልፉን የተቀማሁት ለዚህ ነው እንዴ?"

እንግዳዋን ፈትተው አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። አብራሪዎቹ ከበቡ። ሐውልቱ ክንፉን ሣሩ ላይ ዘረጋና፣ "ለኪ" አላት። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የኋላ ገመዶቹን ለካች፤ ልክ ነበሩ። "ይኸው" አለች።

"የፊቱን ለኪ።"

የፊቱን አልለካችም ነበር። ለካች። ሁለት ጣት ያጥራል።

"የፊቱንም አሳጥረሃል!"

ከአብራሪዎቹ አንዱ አፉን በእጁ ሸፈነ። ሐውልቱ ሄዶ የራሱን ክንፍ ከረጢት አመጣና ፊቷ አስቀመጠው። "የኔንም ለኪ።" ለካች። የእሱም ሁለት ጣት ያጥራል። አፏ ግን ገና፣ "ታዲያ የራስህን ለምን..." እያለ ነበር።

ያኔ ነው ሾፌሩ ከመኪናው የመሣሪያ ሣጥን የብረት ሜትሩን ይዞ የመጣው። "ይኼ ነው መስኮቴን የለካሁበት" አለ፤ ለቀልድ ያህል ጀምሮት አንደበቱ ላይ ቀለጠ። ሁለቱን ሜትሮች ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን አስተኟቸው። የእሷ ሜትር መቶ ሃምሳ የሚልበት ቦታ ላይ የብረቱ መቶ ሃምሳን አልፎ ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ጨምሮ ነበር። ሠላሳ ዓመት በላብና በወበቅ፣ በአንገቷ ክብደትና በእጇ ስትስበው ጨርቁ ተለጥጧል። አምስት ጊዜ ሲሸጋገር ሁለት ጣት፤ ገመዶቹ ያጠሩት በእሷ ሜትር ብቻ ነበር።

ከታች የማዕበሉ ድምፅ ይሰማል። ሜትሩን ጠቅልላ ኪሷ ከታ ሜትር ተበላሸ ብላ ማለፍ ትችል ነበር። አለቃው እዚያ የለም፤ ሐውልቱን ለአለቃው ማን እንደከሰሰው ለአብራሪዎቹ የነገራቸው የለም። ወንድሟ ሲያያት አየች። ዙሩ ከቀለበቶቹ ላይ የተፈታውን ክንፍ አየች። ሦስተኛውን ሙከራ አሰበች፤ ክንፉ እንደ ምንም ከራሳቸው በላይ ቢቆም ኖሮ፣ ፌንጣ "ሩጪ" ባለ ነበር።

"ጠዋት ጠዋት ከረጢቱ ተነክቶ ሳገኘው አንተን ጠረጠርኩ" አለች ጮክ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ለአለቃ የነገርኩት እኔ ነኝ። ቁልፍህን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ። ዙሩንም የፈታሁት እኔ ነኝ። ወንድሜን ልገድል የነበርኩት እኔ ነኝ።" ትንፋሽ ወሰደች። "ግን ንገረኝ። የሱን ከረጢት ለምን ትከፍታለህ?"

"የሱን ብቻ አይደለም።"

"ታዲያ?"

"የሁሉንም። በየጠዋቱ። ገመድና ቀለበት አያለሁ፣ መልሼ አጥፋለሁ። አንቺ የሌላውን ከፍተሽ አላየሽም።"

እውነት ነበር። አላየችም።

"አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ?" አለች። "እኔ ያየሁትን? እኔ የሰፋሁትን? ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግረኝ?"

"ምን ብዬ? ሥራሽን አላምንም ብዬ?"

"አታምነኝም ማለት ነው።"

"የማንንም እጅ አላምንም" አለ ሐውልቱ። "የራሴንም ማታ ያሰርኩትን ጠዋት ነው የማየው።" በሕይወቱ ይህን ያህል የተናገረበት ቀን ስለመኖሩ ሾፌሩ እስከ ዛሬ ይጠራጠራል።

ጎንበስ ብሎ ዙሮቹን እንደነበሩ መልሶ አሰራቸው፤ በብረት ሜትሩ ከፊት እስከ ኋላ ለካቸው፤ ፌንጣም ከጎኑ ተንበርክኮ ቁጥሩን ያነብ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባለ መነጽሯ እንግዳ እየጮኸች በባሕሩ ላይ ነበረች። ሰፊዋ በእግሯ ኮረብታውን ወረደችና አለቃው ቢሮ ገብታ የሆነውን ሁሉ ሳትቀንስ ነገረችው። አለቃው ተናዶ ብዙ ተናገረ፤ አንገቷን ደፍታ ሰማችው። የተወሰደውን ቁልፍ በእጇ እንዲሰጣት ለመነችው፤ ወስዳ በሐውልቱ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

"ይቅር በለኝ" አለችው።

"ይሁን" አለ።

ውስጧን የሚበላት ነገር አሁንም ያቺ ቃል ናት። ይቅር ማለቱ ይሁን፣ ለዛሬ ማለፉ ይሁን፣ ፊቱ አይናገርም። የጨርቅ ሜትሩን አልጣለችውም፤ ከስፌት መኪናዋ በላይ ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች። አንገቷ ላይ ባይኖርም ጣቷ አሁንም እየሄደ ይፈልገዋል። የሾፌሩን መጋረጃ በነፃ አሳጠረችለት፤ "አሁን ደግሞ ጎረቤት ያየናል" ብሎ አማረረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሐውልቱ እንደወትሮው ግንዱ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ገብታ የወንድሟን ከረጢት ከፈተች። ግራው በቀኙ ላይ ተኝቷል። ልክ እሷ እንዳጠፈችው። ማዕዘኖቹ እንኳ ተገጣጥመው ነበር።

እጇን ክንፉ ላይ አድርጋ ቆመች። ወይ ዛሬ አልከፈተውም። ወይ ከፍቶታል፣ ግን እንደ እሷ ማጠፍ ተምሯል። በበሩ ክፍተት አየችው፤ ደመና እያየ ነው። ብትጠይቀው ምን እንደሚላት ታውቃለች።

በሩን ገርበብ አደረገችው። ክንፉን ወለሉ ላይ ዘረጋችና የብረት ሜትሩን ይዛ መለካት ጀመረች፤ ከፊተኞቹ ገመዶች።